ዳባ የለበሰች ጆሮ

የጆሮ መከላከያ መምረጥ የሚያውቅ ሰው ከፈለጋችሁ እኔን ጠይቁኝ። የሠፈራችን የሠርግ ባንድ ከበሮ መቺ ባለፈው ሳምንት መጥቶ ጠይቆኛል። በፌስታል ሦስት ዓይነት ይዞ ነበር የመጣው፤ እንደ ማስቲካ የሚለመጥ ቢጫ ነገር፣ የላስቲክ ቡሽ፣ ራስ ላይ የሚጠለቅ ትልቅ ሽፋን። "አባቴ፣ የቱ ይሻለኛል?" አለኝ። ሁሉንም በየተራ ጆሮዬ ላይ ሞከርኩና ከበሮውን እንዲመታ አደረግሁት። ሽፋኑ ከበሮውንም ዘፋኙንም አብሮ ይገድላል፤ ቢጫው ጥሩ ነው፣ ግን በቆሸሸ እጅ ከነካኸው ጆሮህን ያሳብጣል፤ ቡሹ መሐል ነው፣ ጩኸቱን ይቀንሳል እንጂ ዘፈኑን አይወስድብህም አልኩት። "ደግሞ ጆሮህን ስትጠብቅ ዓይንህን እንዳትዘጋ" ብዬ ጨመርኩ። ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ይህን ሁሉ የተማርኩት መካነ ሰላም ወፍጮ ቤት ነው፣ በሰባ ሰባቱ ክፉ ቀን። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ የዜማ ተማሪ ነበርኩ። በዚያ ዕድሜ ተማሪ መባል የከተማ ሰው ያስቃል፤ ዜማ ግን እንኳን በዚያ ዕድሜ በሽበትም አያልቅም። ከከተማው ወጣ ብላ በምትገኝ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የመምህራችን ጎጆ ነበረች። የኔታ እንላቸዋለን። አንድ ጊዜ ዙሪያቸውን የሞላነው ተማሪዎች ቅጥሩ አይበቃንም ነበር። መሬት ሲወረስ የቤተ ክርስቲያኑም መሬት ሄደ፣ ተማሪውም ሳሳ። ድርቁ ሲመጣ ደግሞ ለምኖ የሚማረው ተማሪ የሚለምንበት ደጅ አጣ። አንዱ ወደ ደሴ፣ አንዱ ወደ አጅባር፣ አንዱ ወዴት እንደሄደ ሳይታወቅ ተበተኑ። እኔ ቀረሁ። ከሌሎቹ ስለምሻል አይደለም፤ ግትር ስለሆንኩ ነው።

ግትርነቴ በአንድ ዜማ ነበር። በሰሙነ ሕማማት የሚዜም ረጅም ዜማ ነው፤ የኔታ ከመምህራቸው የተቀበሉት የራሱ አካሄድ ነበረው። ምልክቱማ ብራና ላይ ተጽፏል፣ ማንም ያነበዋል። አካሄዱ ግን የሚኖረው ሰው አፍ ላይ ነው፤ በእኛ አገር ደግሞ ያ አፍ የእሳቸው ብቻ ነበር። ከሁሉ የሚከብደው መጨረሻው ላይ ያለው ርክርክ ነው፤ ድምፅ ከላይ ተነሥቶ እየተቆራረጠ የሚወርድበት ቦታ። ሰባት ጠብታ ነው። የኔታ ሲያወርዱት ሰባቱም አንድ በአንድ ይሰማሉ፤ አንዱም አንዱን አይመስልም። እኔ ዜማውን እስከዚያች ቦታ ድረስ ይዤዋለሁ። የቀረችኝ እሷ ብቻ ነበረች። "እሷን ሳልሰጥህ አልሞትም" ይሉኝ ነበር። እኔም ሳልቀበላት አልሄድም አልኩ።

ግን መብላት የሚባል ነገር አለ። ከተማ ውስጥ ከነጋዴ ተወርሶ ቀበሌ የያዘው ወፍጮ ቤት ነበር። የእርዳታ ስንዴ ከደሴ በመኪና ሲገባ ወፍጮው ቀኑን ሙሉ አያርፍም፤ ከከላላ በኩል በእግር የመጣው ሰው ሁሉ ከደጁ ተደርድሮ ይጠብቃል። ጉልበት ያለው ጆንያውን ታቅፎ ይቀመጣል፤ ጉልበት የሌለው ጥሬውን እየቆረጠመ ተራው ሳይደርስ ይሄዳል፤ ሳይሄድ እዚያው የሚቀርም ነበር። እህሉን ወደ ወፍጮው አፍ የሚያፈስ ሰው ሲፈልጉ ገባሁ። ደሞዜ ማታ ከወፍጮው ሥር ተጠርጎ የሚነፋ ዱቄት ነበር። በእሱ ጠዋት ጠዋት ቂጣ ጋግሬ ግማሹን ለየኔታ አስቀምጣለሁ፣ ግማሹን ይዤ ሥራ እሄዳለሁ። ትምህርቱም ጠዋት ነው፤ ቂጣው እስኪበስል። የኔታ ቂጣቸውን ተቀብለው ዳባቸው ሥር ይከቱና "ጸሎቴን ላድርስና እበላለሁ" ይላሉ። ዳባ የመነኮሳት ልብስ ነው፣ ከበግ ቆዳ የሚሠራ፤ እሳቸው ክረምት ከበጋ አያወልቁትም ነበር።

ሞተሩ ሲነሣ ቆርቆሮው፣ ግድግዳው፣ የመንጋጋ ጥርሴ ሳይቀር ይንቀጠቀጣል። የመጀመሪያውን ቀን ሠርቼ ስወጣ አገሩ ሁሉ ጭጭ ብሎ፣ ጆሮዬ ውስጥ ብቻ ጢዝ የሚል ነገር ቀረ። የኔታ ሲጠሩኝ ሁለቴ "ምን አሉኝ?" አልኳቸው። የዜማ ተማሪ መምህሩን ሁለቴ "ምን አሉኝ?" ካለ ነገር ተበላሽቷል። ፈራሁ። እውነቱን ልናገርና ረሃቡን ያን ያህል አልፈራሁትም ነበር፤ ጆሮዬን ማጣት ነው ያርበደበደኝ።

ነገሩን ያወቀው የወፍጮው መካኒክ ነው። የደሴ ሰው ነው፣ ሙስሊም፣ አርባን ያለፈ። ከልጅነቱ ጀምሮ ጆሮውን ለሞተር ገብሮ ጨርሶታል፤ የሚሰማው አፍ እያየ ነው። ሲያወራ ስለሚጮኽ ሰው ሁሉ የሚጣላ ይመስለዋል። አንድ የእጅ ሰዓት ነበረው። ከሥራ ስንወጣ ሰዓቱን ፈታና ቀኝ ጆሮዬ ላይ ለጠፈው።

"ቀጭ ቀጭ ይልሃል?"

"ይላል፣ ጋሼ።"

"ግራውስ?"

"እሱም ይላል፣ ትንሽ ደከም ብሎ።"

"በዚህ ከቀጠልክ ወላሂ ዓመት ሳትሞላ እኔን ታክላለህ። እኔ ይኸን ሰዓት ስገዛው ይሰማኝ ነበር። አሁን የማስረው ለሰው ጆሮ ነው።" ይህን ብሎ ሳቀ፤ ሳቁም እንደ ንግግሩ ጩኸት ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለታችን ሌላ ሥራ የሌለን ይመስል የጆሮ መከላከያ ፍለጋ ገባን። መጀመሪያ ጥጥ ወተፍኩ። መካኒኩ አየና "ጥጥ ለቁስል ነው፤ ለሞተር ምኑም አይደለ" አለኝ፤ እንዳለውም ሆነ። ቀጥሎ ከቤተ ክርስቲያን የጧፍ ቁራጭ ለቅሜ፣ ሰሙን በእጄ አሙቄ፣ ከጥጡ ጋር ለውሼ ሞከርኩ። ይህ እንኳ ጥሩ ነበር፤ ሞተሩ ከሩቅ እንደሚነዳ መኪና ሆነልኝ። ግን በዝቷል። ወፍጮን ከሞተር የሚያገናኘው ጠፍር፣ ቺንጋ የምንለው፣ ሊበጠስ ሲል ያፏጫል፤ ፉጨቱን ያልሰማ ሰው ፊቱን ይገረፋል። መካኒኩ መስማት ስለማይችል እሱን መስማት የእኔ ሥራ ነበር። "ሁሉንም ከዘጋህ ምን ዋጋ አለው? ጩኸቱን ቀንሰው እንጂ አትግደለው" ይለኛል። ሰሙን ቀነስኩት፣ አሳነስኩት፣ በመጨረሻ በጣም አሳንሼው ግራ ጆሮዬ ውስጥ ገብቶ ቀረ። ተራ የምትጠብቅ አንዲት እናት አንገቷ ላይ የብር ኩክ ማውጫ አንጠልጥላ ነበር። ያላትን ሁሉ ሸጣ እሱን እንዴት እንዳስቀረችው አላውቅም። ጭንቅላቴን ጉልበቷ ላይ አስተኝታ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ሰሙን አወጣችልኝ። "ቄስ ልትሆን ነው ይሉሃል፣ ጆሮህ ግን የጧፍ ማስቀመጫ ሆኗል" አለችኝ። እንዲያ ባለ ቀን የሚቀልድ ሰው አይረሳም።

ይህን ለየኔታ ስነግራቸው አዳመጡኝና ቢላዋ አምጣ አሉኝ። ዳባቸውን ከጎን በኩል ሳብ አድርገው ሁለት መዳፍ የሚያህል ቆረጡ። "እንዴ የኔታ!" ብል አልሰሙኝም። "በል፣ ጆሮህን ዳባ አልብሳት" አሉኝና በራሳቸው ቀልድ ፈገግ አሉ። ለነገር ጀርባውን የሚሰጥ ሰው ጆሮ ዳባ ልበስ አለ ይባላልና። ጠጉሩን ወደ ውስጥ አድርጌ፣ በአሮጌ ቺንጋ ቁራጭ አያይዤ፣ ራሴ ላይ የሚጠለቅ ነገር ሠራሁ። ከሁሉ የተሻለው እሱ ነበር። ሞተሩ ይለዝባል፣ የቺንጋው ፉጨት ግን ይገባል። ማታ ሰዓቱ በሁለቱም ጆሮዬ ቀጭ ቀጭ ይላል። የዳባው ቀዳዳ ጎናቸው ላይ ነበር፤ በቀዳዳው የጎድን አጥንታቸውን አይቼዋለሁ። ብርድ እንዳይገባቸው ብዬ አሰብኩ። ያሰብኩት እሱን ብቻ ነው።

አንድ ቀን መካኒኩ ናፍጣ ሊቀበል ሄዶ ብቻዬን እፈጫለሁ። ቀና ስል ከደጅ ተደርድሮ የነበረው ሰው የለም፤ ከፊቴ የቀበሌው ሊቀመንበር ቆሞ አፉ ይንቀሳቀሳል። ለስብሰባ ጥሩንባ ተነፍቶ ኖሯል። ሞተሩን አጥፍቼ መሸፈኛዬን አወለቅሁ።

"ምንድን ነው ይኼ?" አለኝ።

ቆዳ ነው ብል ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። እኔ ግን የየኔታ ተማሪ ነኝ፣ ነገርን በስሙ መጥራት ለምዶብኛል። "ዳባ ነው" አልኩት።

"ጆሮህ ላይ?"

"አዎ፣ ጓድ ሊቀመንበር። ጆሮዬን ዳባ አልብሻት ነው።"

ከኋላው የመጡት ሁለት ጥበቃዎች ሳቃቸው አመለጣቸው። እሱ ፊቱ ደም ለበሰ፤ የሾፍኩበት መሰለው። በክንዴ ይዞ ወደ ስብሰባው ወሰደኝና መሸፈኛዬን ከፍ አድርጎ ለሕዝቡ አሳየ። "የአብዮቱን ጥሪ ጆሮ ዳባ ልበስ ያለ ሰው እዩልኝ!" አለ። ሕዝቡ ሳቀ። በስንት ወር ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር የሳቀው፤ በእኔ መሆኑ አንገበገበኝ፣ መሳቃቸው ግን ደስ አለኝ። ሁለቱም ስሜት እኩል ነበረብኝ። የስብሰባው ጉዳይ ሰፈራ ነበር። ዳግመኛ ጆሮዬ ላይ አንድ ነገር ከተገኘ ስሜ ወደ ቆላ ከሚሄዱት ጋር እንደሚጻፍ ተነገረኝ። ሰሙም፣ ጥጡም፣ ዳባውም ያን ቀን ቀረ።

ባዶ ጆሮዬን ወደ ሞተሩ ተመለስኩ። መካኒኩ የቻለውን አደረገልኝ፤ "አብሽር፣ አይዞህ፤ ከሞተሩ ዞር ብለህ ቁም፣ በየመሐሉ ወደ ውጭ ብቅ በል፣ ማታ ጆሮህን አሳርፋት" ይለኛል። ማታ በሰዓቱ ሊፈትነኝ ሲል ግን እሸሸው ጀመር። ፍርዴን መስማት አልፈለግሁም።

የኔታ በየጠዋቱ ያዜማሉ። መጀመሪያ ሰባተኛዋ ጠብታ ጠፋችብኝ። "ይድገሙልኝ" አልኳቸው፤ ደገሙ፣ የለችም። በሳምንቱ ስድስተኛዋ ሄደች። ዐቢይ ጾም ገብቷል፣ ሕማማት እየቀረበ ነው፤ አምስተኛዋም ሄዳ የሚሰማኝ አራት ጠብታ ብቻ ሆነ። ጆሮዬን ከአፋቸው ሥር ደግኜ ብሰማ ትንፋሽ ብቻ ይመጣል። ቆሽቴ አረረ። ሊቀመንበሩን ረገምኩ፣ ወፍጮውን ረገምኩ፣ ዳባ ነው ያለችውን ምላሴን ረገምኩ። ይባስ ብዬ መምህሬ ላይ ጮኽኩ። "ጮክ ይበሉልኝ እንጂ የኔታ!"

"ጆሮህ ነው፣ ልጄ?" አሉኝ ቀስ ብለው።

"አዎ። ጆሮዬ ሞታለች።"

"እንግዲህ እሷ ትሆናለች" አሉ። ከዚያ የጋገርኩትን ቂጣ ተቀብለው ዳባቸው ሥር ከተቱ።

በማግስቱ እህል ሳፈስ እንባዬ ይወርድ ነበር። መካኒኩ አየና ሞተሩን አጠፋ። ወፍጮ ለማንም አይቆምም ነበር፤ ለእኔ አቆመው። ወደ ውጭ አወጣኝ፣ ሰዓቱን ፈትቶ ቀኝ ጆሮዬ ላይ አደረገ። ቀጭ ቀጭ ይላል። ግራዬ ላይ አደረገ። ይላል። ክንዱን ዘረጋና አራቀው። አሁንም ይላል።

"ይሰማኛል" አልኩት። "ውሸት ነው፤ እንዴት ይሰማኛል?"

"ሰዓት አይዋሽም። ጆሮህ ደህና ናት፣ አልሐምዱሊላህ።"

"ታዲያ የየኔታ ድምፅ የት ሄደ?"

ፊቴን አተኩሮ አየኝ። "እኔ ሰው የምሰማው በዓይኔ ነው" አለ፣ እንደ ልማዱ እየጮኸ። "አንተ ሽማግሌውን አይተሃቸዋል?"

አይቻቸዋለሁ ልለው አፌን ስከፍት በዳባው ቀዳዳ ያየሁት የጎድን አጥንት ፊቴ ላይ ድቅን አለ። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሮጥኩ።

የኔታ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ቁጭ ብለዋል። አጠገባቸው አንዲት እናትና ሁለት ልጆች አሉ። ቂጣውን እየቆረሱ ይሰጧቸዋል። ልጆቹ እጃቸውን የሚዘረጉት እንደ ለማኝ አልነበረም፤ በየቀኑ የሚበሉበት ቤት እንደገቡ ሆነው ነው። የኔታ ሲያዩኝ የቀረውን ቁራሽ ዳባቸው ሥር ደበቁ። ያ ሁሉ ሰው የሚሰግድላቸው መምህር ከእኔ ቁራሽ ደበቁ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አልኳቸው።

"ወፍጮ ቤት ከገባህ ጀምሮ ነው ልጄ። እኔም አልፎ አልፎ እቀምሳለሁ።"

"ጆሮዬ ነው ስል ዝም አሉኝ! ጆሮዬ ሞታለች ስል ዝም አሉኝ!"

"ድምፄ ነው ብልህ አፌ ሥር ቁጭ ብለህ ታበላኝ ነበር። እነዚህስ?"

እናቲቱ ነገሩ ሲገባት ልጆቿን ይዛ ልትነሣ አለች። የኔታ በእጃቸው መልሰው አስቀመጧት።

ወፍጮውን ትቼ ከአጠገባቸው ተቀመጥኩ። መካኒኩ ከራሱ ድርሻ ዱቄት እያመጣልኝ አጥሚት እሠራላቸዋለሁ፤ ለእናቲቱና ለልጆቿም ከዚያው ይደርሳል። የኔታ ይጠጣሉ፣ ሆዳቸው ግን አልቀበል አለ። በዐሥረኛው ቀን ንጋት ላይ "ዛሬ እንጨርሳት" አሉኝ። ዜማውን ጀመሩት፤ በሹክሹክታ፣ ግን አንዲት ሳይስቱ። ርክርኩ ላይ ሲደርሱ አፋቸው ተከፈተ፣ ድምፅ አልወጣም። እንደገና ሞከሩ። ከዚያ እጄን ያዙና በጣታቸው መዳፌን መቱ፤ ሰባት ጊዜ፤ አንዱ ረዘም፣ ሁለቱ ቶሎ ቶሎ፣ እንዲያ እያሉ እስከ መጨረሻው። ርዝመታቸውን አገኘሁት። ከፍታቸውን አላገኘሁትም። እንባዬ ሲወርድ አይተው "አብሽር" አሉኝ፣ ልክ እንደ መካኒኩ። ሕማማት ሳይገባ ዐረፉ።

የቀብራቸው ዕለት መካኒኩ መጣና ከኪሱ መሸፈኛዬን አወጣ። ቺንጋ ልጠግንበት ብሎ ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት ተቀብሎት ኖሯል። ሁለቱን ቁራጮች ከቺንጋው ፈትቼ በዳባው ቀዳዳ ላይ መልሼ ሰፋኋቸው። ዳባቸውን ለብሰው ተቀበሩ።

ዛሬ እኔም አስተምራለሁ። ያን ዜማ ሙሉውን እሰጣለሁ፤ መጨረሻው ላይ ስንደርስ ዝም እልና የተማሪውን መዳፍ ይዤ ሰባት ጊዜ እመታለሁ። ከዚህ በላይ የለኝም እላቸዋለሁ። በየዓመቱ አንዱ አይጠፋም፣ አዝኖልኝ የሚጠይቅ። "የኔታ፣ ያኔ ጆሮዎን ወፍጮው ጎድቶት ነው?" ይለኛል።

"አይ ልጄ" እለዋለሁ። "ጆሮዬ ደህና ነበረች።"